በረጅም ዕረፍት ማትስ ከእጅ እንዳይወጣ፦ ጥሪ ለሚጠብቁና በሴሚስተር መሃል ለሚያርፉ

"ቲቸር፣ ፈተናው አለቀ። ጥሪ እስኪመጣ ገና ብዙ ወር አለ። ማትሱን እንዳልረሳው ምን ላድርግ?"

ይህ ጥያቄ በየክረምቱ ይመጣል። 12ኛ ክፍል ጨርሰው የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚጠብቁ ይጠይቁታል። ፍሬሽማን ጨርሰው አፕላይድ ማቲማቲክስ የሚጠብቃቸውም ይጠይቁታል። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ባዶ ወረቀት ላይ፣ መልስ ሳያዩ። ከዚህ በታች ያለው ግማሽ ሰዓቷ በምን እንደምትሞላ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። በዕረፍት ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ሐሳቡ አይደለም። ዴሪቬቲቭ ምን እንደሆነ ከአራት ወር በኋላም በግርድፉ ታስታውሳላችሁ። የሚጠፋው የእጅ ፍጥነት ነው፦ ክፍልፋይ መደመር፣ ማይነስ ሳይጥሉ ቅንፍ መፍታት፣ ፋክተራይዝ ማድረግ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ደግሞ መምህሩ እነዚህን መስመሮች ዘሏቸው ነው የሚሄደው። እናንተ የተዘለሉትን ሁለት መስመሮች ስትፈልጉ እሱ ሰሌዳውን አጥፍቶ ሌላ ጥያቄ ጀምሯል።

ምሳሌ ልስጥ። ለመጻፍ እንዲመች ኤክስን በ"ሀ" ተክቼዋለሁ። ሀ ወደ 2 ሲጠጋ የ(ሀ² − 4)/(ሀ − 2) ሊሚት ስንት ነው? በቀጥታ 2 ብትተኩ 0/0 ይመጣል። ላዕሉን (ሀ − 2)(ሀ + 2) ብላችሁ ብትበትኑት ግን (ሀ − 2) ከታህቱ ጋር ይሰረዛል፤ ሀ + 2 ይቀራል፤ መልሱ 4 ነው። እዚህ ውስጥ የሊሚት እውቀት የሚፈልገው አንድ መስመር ነው። የቀረው የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። "ካልኩለስ ከበደኝ" የሚሉኝን ልጆች ወረቀት ሳይ አብዛኛውን ጊዜ የወደቁት እዚያ የ9ኛ ክፍሉ ቦታ ላይ ነው። የዕረፍት ልምምዳችሁም ክብደቱ እሱ ላይ ይሁን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ደብተር። አንዱ መሥሪያ፣ አንዱ የስህተት ደብተር።
- እስክሪብቶ። እርሳስ አይደለም። በእርሳስ የተሠራ ስህተት ይጠፋል፤ እኛ ደግሞ ስህተቱን እንፈልገዋለን።
- ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት የማትስ መጽሐፎች፣ በወረቀትም በፒዲኤፍም ይሁን። ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ያለፈውን ኮርስ ሞጁል ጨምሩ።
- የቆዩ ወርክሺቶች፣ ሞዴል ፈተናዎች፣ ሚድና ፋይናል። መልሳቸው የተረጋገጠ ቢሆን ይመረጣል።
- አንድ ጎኑ ያልተጻፈበት ወረቀት፣ ለካርድና ለዕጣ የሚቆረጥ።
- አንድ ባዶ ጣሳ ወይም ኩባያ።
- ሰዓት። ስልካችሁ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት።

አዲስ አጋዥ መጽሐፍ አትግዙ። አዲስ መጽሐፍ ሲገዛ ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል፤ ምዕራፍ 2 ላይ ይቆማል። ካልኩሌተር ካላችሁ መጨረሻ ላይ መልስ ለማመሳከር ብቻ ይሁን።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ዕረፉ፤ የመመለሻውን ቀን ግን ዛሬ ቁረጡ

ከፈተና ማግሥት መጽሐፍ አትክፈቱ። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሙሉ ተዉት። የደከመ ጭንቅላት ይዞ መቀጠል በሦስተኛው ቀን ያስጠላል፤ ከዚያ ወዲያ ወሩን ሙሉ አትመለሱም።

ነገር ግን የምትጀምሩበትን ቀን አሁኑኑ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። "ትንሽ አርፌ እጀምራለሁ" ማለት መስከረም ላይ መንቃት ነው።

ሰዓቱንም ከአንድ የዕለት ሥራ ጋር እሰሩት። ቁርስ በልቼ፣ ከቤት ሳልወጣ። ማታ ያደረጋችሁት እንደሆነ እንግዳ ይመጣል፣ ኳስ አለ፣ መብራት ይጠፋል። (መብራቱ እንኳን ሰበብ አይሆንም። ለወረቀትና ለእስክሪብቶ ሻማ ይበቃል።)

ደረጃ 2፦ ራሳችሁን ፈትኑ

የት እንዳላችሁ ሳታውቁ ብትጀምሩ የምትሠሩት የምትወዱትን ምዕራፍ ነው። ያ ደግሞ የማያስፈልጋችሁ ምዕራፍ ነው።

የሚከተሉትን 12 ጥያቄዎች ያለ ካልኩሌተርና ያለ መጽሐፍ በ30 ደቂቃ ሥሩ። መልሱ መጨረሻ ላይ አለ። አሁን አትውረዱ።

1. 3/4 + 5/6
2. 2/3 ÷ 4/9
3. −3² እና (−3)²፣ ሁለቱንም
4. አቅልሉ፦ 2(ሀ − 3) − (ሀ − 5)
5. ፋክተራይዝ አድርጉ፦ ሀ² − 5ሀ + 6
6. ፍቱ፦ 2ሀ² − 3ሀ − 2 = 0
7. 8 ፓወር 2/3
8. አቅልሉ፦ √50 − √8
9. ቤዙ 2 የሆነ የ32 ሎጋሪዝም
10. ፍቱ፦ −2ሀ + 1 < 7
11. ሳይን 150°
12. በ(1፣ 2) እና በ(4፣ 11) የሚያልፈው መስመር ስሎፕ

ስታርሙ ትክክል ወይም ስህተት ብቻ አትበሉ። ሦስት ምልክት ተጠቀሙ፦ "ቀጥ ብሎ ሄደ"፣ "አንገራገረ"፣ "ጠፋ"። መልሱ ልክ ሆኖ አምስት ደቂቃ የፈጀ ጥያቄ "አንገራገረ" ውስጥ ይገባል። በዕረፍት ወቅት ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ቀጣዩ ኮርስ ምን እንደሚፈልግ እዩ

ሁሉንም ነገር መከለስ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ከቀጣዩ ኮርስ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ናቹራል ሳይንስ ይዛችሁ ፍሬሽማን ለምትገቡ፣ የመጀመሪያው የማትስ ኮርስ የሚነካው ሎጂክና ሴት፣ ሪልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፋንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ነው። እዚህ ውስጥ በብዛት የሚያስቸግረው ፋንክሽን ነው። ስለዚህ የ10ኛ ክፍሉን ሎጋሪዝምና ኤክስፖነንት፣ እንዲሁም ግራፍ መሣልን አጥብቃችሁ ያዙ።

ወደ አፕላይድ 1 የምትሄዱ ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል ይጠብቃችኋል። ፋክተራይዜሽን፣ ክፍልፋይና ትሪጎኖሜትሪ ላይ አተኩሩ።

ካልኩለስ 1 ጨርሳችሁ ወደ ሁለተኛው የምትሻገሩ ደግሞ ዴሪቬቲቭ ሳታስቡት መምጣት አለበት። (3ሀ² + 1)⁵ ሲባል 30ሀ(3ሀ² + 1)⁴ ብላችሁ በአንድ መስመር መጻፍ። ኢንቴግሬሽን ይህንኑ ወደ ኋላ መሄድ ስለሆነ የፊቱን መንገድ የሚደናበር ሰው የኋላውን አያገኘውም።

ደረጃ 4፦ የግማሽ ሰዓቷ አከፋፈል

- የመጀመሪያው 5 ደቂቃ፦ ካርድ። ስለ ካርዱ ደረጃ 8 ላይ እመለስበታለሁ።
- 20 ደቂቃ፦ የተደባለቁ 5 ጥያቄዎች፣ ባዶ ወረቀት ላይ።
- የመጨረሻው 5 ደቂቃ፦ ማረምና የስህተት ደብተር መሙላት።

ሰዓቱ ሲሞላ አቁሙ። "ዛሬ ሙድ ላይ ነኝ" ብላችሁ ሦስት ሰዓት የሠራችሁ ቀን በማግሥቱ ደብተሩን ማየት አትፈልጉም። በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት በ16 ሳምንት 40 ሰዓት ነው። ከመግቢያው በፊት ባለው አንድ ሳምንት 40 ሰዓት ለማጥናት ብትሞክሩ ግን የሚቀራችሁ ትንሽ ነው። ማስታወስ የሚጠነክረው ትንሽ ረስቶ፣ ታግሎ መልሶ በማምጣት ነው። በአንድ ጊዜ ሲጨመቅ የመርሻ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ መልሶ የማምጣቱ ሥራም አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ጥያቄዎቹን በዕጣ አውጡ

የዚህ መመሪያ ዋናው ቦታ ይሄ ነው።

የመጽሐፍ መልመጃ ሁሉ ችግር አለበት። ስለ ኳድራቲክ ፎርሙላ ከተማራችሁ በኋላ ያለው መልመጃ በሙሉ በኳድራቲክ ፎርሙላ ይሠራል። ጥያቄውን ሳታነቡት ዘዴውን ታውቁታላችሁ። ፈተና ላይ ግን ማንም "ይሄ በዚህ ዘዴ ነው" አይላችሁም። ማትስ ውስጥ ግማሹ ሥራ ዘዴ መምረጥ ነው፤ በተርታ ስትሠሩ የማትለማመዱት እሱን ነው።

እነዚህን ሦስቱን ተመልከቱ፦

ሀ² = 9
ሀ² = 9ሀ
ሀ² + 9 = 6ሀ

በዓይን ሲታዩ ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያው በስኩዌር ሩት ያልቃል፣ መልሱ 3 እና −3። ሁለተኛውን ሁለቱንም ጎን በሀ አካፍሎ "9" የሚል ሰው አንድ መልስ ጥሏል፤ ወደ አንድ ጎን አምጥቶ ሀ(ሀ − 9) = 0 ሲባል 0 እና 9 ይወጣሉ። ሦስተኛው (ሀ − 3)² = 0 ነው፣ መልሱ 3 ብቻ። ሦስቱ ተከታትለው ሲመጡ ነው ልዩነታቸው ዓይን ውስጥ የሚገባው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ወረቀቱን በጣት ስፋት ቁረጡ።
ለ. እያንዳንዱ ላይ የመጽሐፉን ክፍል፣ ገጹንና የጥያቄውን ቁጥር ብቻ ጻፉ። "10ኛ፣ ገጽ 84፣ ቁ. 6" በቂ ነው። ጥያቄውን መገልበጥ ጊዜ መብላት ነው።
ሐ. ከ"አንገራገረ" እና ከ"ጠፋ" ምዕራፎች ብዙ፣ ከ"ቀጥ ብሎ ሄደ" ጥቂት አድርጋችሁ 60 ያህል አዘጋጁ።
መ. ጠቅልላችሁ ጣሳው ውስጥ ጨምሩ።
ሠ. በየቀኑ 5 አውጡ። ከባድ ወጣ ብላችሁ አትመልሱት።

አንድ ምዕራፍ ጨርሶ የጠፋባችሁ ከሆነ ዕጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ለብቻው በተርታ ሥሩት። መቀላቀል የሚጠቅመው መንገዱን ትንሽም ቢሆን ለሚያውቅ ሰው ነው።

ደረጃ 6፦ ተጣበቃችሁ? 10 ደቂቃ ታገሉ

መልሱን ወዲያው ማየት ያጓጓል። አትዩ። ወረቀቱ ላይ የተሰጠውን ጻፉ፣ የሚፈለገውን ጻፉ፣ ሥዕል የሚወጣለት ከሆነ ሣሉ፣ ቁጥሩን በትንሽ ቁጥር ተክታችሁ ሞክሩ። 10 ደቂቃ ሞልቶ ካልሄደ መልሱን ክፈቱ፤ ግን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ። ዝጉትና ከዚያ ቀጥሉ።

መልሱን አንብቦ "አሃ፣ ገባኝ" ማለት አደገኛ ነው። የሌላ ሰው ሥራ ስታነቡ እያንዳንዱ መስመር ግልጽ ይመስላል። ገብቶኛል ለማለት ደብተሩን ዘግታችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳችሁ እጅ መጻፍ አለባችሁ።

ደረጃ 7፦ የስህተት ደብተር

ለእያንዳንዱ ስህተት አምስት መስመር። የአንድ ተማሪ ገጽ ይህን ይመስላል፦

ጥያቄ፦ 5 − 2(ሀ − 4) = 1
የሠራሁት፦ 5 − 2ሀ − 8 = 1፣ ሀ = −2
የተሳሳትኩበት፦ −2 ከ −4 ጋር ሲባዛ +8 ነው
ትክክሉ፦ 5 − 2ሀ + 8 = 1፣ 13 − 2ሀ = 1፣ ሀ = 6
ሌላ ጊዜ፦ ከቅንፍ ፊት ማይነስ ካየሁ ቅንፉን ከመፍታቴ በፊት አከብባታለሁ

አምስተኛዋ መስመር ናት ደብተሩን ዋጋ የምትሰጠው። "ሌላ ጊዜ እጠነቀቃለሁ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። መጠንቀቅ በእጅ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ማክበብ ግን ይሠራል።

"በግድየለሽነት ነው" የሚለውንም ሰበብ አልቀበልም። አንድ ዓይነት ግድየለሽነት ሦስት ጊዜ ከተደገመ ልማድ ሆኗል ማለት ነው። ልማድ መሆኑ ደግሞ የሚታየው ደብተሩን ወደ ኋላ ሲያገላብጡት ነው።

ከዚያ የተሳሳታችሁትን ጥያቄ እንደገና ሥሩት። ከ2 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ። ቀኖቹን በገጹ ጠርዝ ላይ ጻፉና በሠራችሁት ቁጥር ምልክት አድርጉ። ሦስቱንም ያለ እርዳታ ከሠራችሁት ገጹን በሰያፍ ሰርዙት። ከሳታችሁት ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ደረጃ 8፦ ቀመር አትሸምድዱ፤ አምጡት

ካርዱ አንድ ጎን ላይ ጥያቄ፣ በሌላው ላይ መልስና አመጣጡ ይጻፍበት። "ሳይን ስኩዌር ሲደመር ኮሳይን ስኩዌር" የሚል ካርድ ሁላችሁም ትሠራላችሁ፤ ውጤቱ 1 መሆኑም አይጠፋችሁም። የሚጠፋው የታንጀንትና የሴካንቱ ነው። ያችኑ የመጀመሪያዋን በሙሉ በኮሳይን ስኩዌር አካፍሏት፦ ታንጀንት ስኩዌር + 1 = ሴካንት ስኩዌር። በሳይን ስኩዌር አካፍሏት፣ የኮታንጀንቱ ይመጣል። አንድ ይዞ ሁለት ማውጣት ሦስት ከመቸከል ይቀላል፤ ፈተና ላይ ብትደነግጡም መንገዱ አለላችሁ።

የሎጋሪዝም ሕግም እንደዚያው። 8 × 4 = 32 ነው። በ2 ፓወር ስንጽፈው 2³ × 2² = 2⁵። የ8 ሎጋሪዝም 3፣ የ4 ሎጋሪዝም 2፣ የ32 ሎጋሪዝም 5። ማባዛቱ መደመር የሆነው ለዚህ ነው። ይህን አንዴ በእጁ የጻፈ ሰው "የድምር ሎጋሪዝም" እና "የሎጋሪዝም ድምር" አይምታታበትም።

ኳድራቲክ ፎርሙላን ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር ተጠቅማችሁ ከባዶ አውጡት። ሰባት ስምንት መስመር ነው፤ ክፍልፋይ፣ ስኩዌር ሩት፣ ፕላስ ማይነስ ሁሉም አንድ ቦታ ይለመዳሉ።

ካርዱ ከ30 አይብለጥ። ያወቃችሁትን አውጡት።

ደረጃ 9፦ በሳምንት አንድ ቀን ለሰው አስረዱ

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለች ተጠቀሙባት። የ8ኛ ክፍል ልጅ "ለምን?" ብላ ስትጠይቅ ያላወቃችሁት ነገር ወዲያው ይወጣል። ክረምት ላይ ቤት ለቤት ማስጠናት ካገኛችሁ ደግሞ ኪሳችሁም አልጀብራችሁም ይጠቀማል። ማንም ከሌለ ለባዶ ክፍል ጮክ ብላችሁ አስረዱ። ቤተሰብ ምን ነካው ይል ይሆናል፤ ይበል።

ደረጃ 10፦ የመጨረሻው ሁለት ሳምንት

የጥሪው ቀን ሲታወቅ አሠራሩን ለውጡ።

በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ 2 ላይ ያለውን ፈተና ቁጥሮቹን ቀይራችሁ ድገሙት። አሁንም "አንገራገረ" ያላችሁትን ብቻ ለይታችሁ ሥሩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የቆየ ፈተና በሰዓት ሥሩ። ከዚያ የቀጣዩን ኮርስ የመጀመሪያ ምዕራፍ አንብቡ፤ የመጀመሪያውን ብቻ። ምልክቶቹንና ቃላቱን ዓይናችሁ ከለመደ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ጆሯችሁን ለሐሳቡ ትሰጡታላችሁ። ከዚያ በላይ ቀድሞ መሄድ፣ መሠረቱ ሳይያዝ፣ ጊዜ ማባከን ነው። የሲኒየር ማስታወሻ ይዛችሁ ሙሉውን ኮርስ ክረምት ላይ ልጨርስ አትበሉ።

የስህተት ደብተሩን ሻንጣ ውስጥ ክተቱ። ከሁሉም መጽሐፍ በፊት።

ማስጠንቀቂያ

ቪዲዮ ማየት ልምምድ አይደለም። ካን አካዳሚም ሆነ ሌላ የዩቲዩብ ትምህርት ለ"ጠፋ" ምዕራፍ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ቪዲዮ ካያችሁ ቢያንስ አምስት ጥያቄ ሥሩበት። ቪዲዮው ላይ ፖዝ አድርጋችሁ ቀጣዩን መስመር ሰውየው ሳይጽፈው ጻፉ።

ፎቶ አንስተው መልስ የሚሰጡ አፖችና ቻትጂፒቲን በተመለከተ፦ ከ10 ደቂቃው ትግል በፊት አይከፈቱ። ስትከፍቱም "መልሱን ንገረኝ" አትበሉ፤ የራሳችሁን ሥራ ጻፉለትና "የቱ መስመር ላይ ነው የተሳሳትኩት?" በሉ። እነሱም ይሳሳታሉ። ስለዚህ የሰጧችሁን መልስ ወደ ጥያቄው መልሳችሁ ተክታችሁ አረጋግጡ።

በቴሌግራም የሚዞሩ የመልስ ወረቀቶች ላይ የተሳሳተ መልስ ሞልቷል። ሁለት ጊዜ ሠርታችሁ ከመልሱ ጋር ካልተስማማችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ። እናንተ ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከዕረፍት በኋላ ወረቀት ላይ በብዛት የማያቸው ስህተቶች

(ሀ + ለ)² ን ሀ² + ለ² ማድረግ። በ3 እና በ4 ሞክሩት፦ 7² = 49፣ 9 + 16 ግን 25። መሃል ላይ 2ሀለ ተረስቷል፤ 2 × 3 × 4 = 24፣ የጎደለውም እሱ ነው።

√(9 + 16) ን 3 + 4 ማለት። √25 = 5 ነው፣ 7 አይደለም።

(ሀ + 6)/6 ላይ 6ቱን ሰርዞ ሀ ማስቀረት። መሰረዝ የሚቻለው የተባዛ ነገር ነው፤ የተደመረ አይሰረዝም። ሀ 6 ቢሆን 12/6 = 2 ነው፣ 6 አይደለም።

ኢንኢኳሊቲ ላይ በኔጋቲቭ ሲካፈል ምልክቱን አለማዞር።

እነዚህን ሁሉ የሚያጋልጥ አንድ ዘዴ አለ፦ ትንሽ ቁጥር መተካት። የተጠራጠራችሁትን ሕግ በ3 እና በ4 ፈትኑት። ካልሠራ ሕግ አይደለም። 0ን እና 1ን ግን አትተኩ፤ የተሳሳተ ሕግ በእነሱ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

አንድ ሳምንት ከዘለላችሁ

በዓል ነው፣ ሰርግ ነው፣ ሐዘን ነው፣ ይዘለላል። የዘለላችሁትን ለማካካስ እጥፍ አትሥሩ። በተመለሳችሁበት ቀን ካርድ ብቻ፣ በማግሥቱ ሁለት ዕጣ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ አምስቱ ተመለሱ።

ዕረፍቱ የዓመታት ከሆነ

ውጭ አገር ሆነው ከሥራ ወደ ትምህርት የሚመለሱ ሰዎችም ይጽፉልኛል፤ በተለይ አሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ሊገቡ ያሰቡ። አሠራሩ አንድ ነው፤ መነሻው ግን ከ9ኛ ክፍል በታች ይሁን። ከክፍልፋይ፣ ከመቶኛና ከኔጋቲቭ ቁጥር ጀምሩ፤ ለእነሱ ብቻ ሦስት ሳምንት ስጡ። ኮሌጁ የመመደቢያ ፈተና የሚሰጣችሁ ከሆነ ሳትዘጋጁ አትቀመጡ። ፈተናው ከየትኛው ክፍል እንደምትጀምሩ ይወስናል፤ ዝቅ ብሎ መጀመር ደግሞ ተጨማሪ ሴሚስተርና ተጨማሪ ክፍያ ነው። አገር ቤት በአማርኛ የተማራችሁ ደግሞ ላዕልና ታህት፣ ብዜት የሚባሉትን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ በካርድ ያዙ። ሒሳቡን እያወቁ ጥያቄው ሳይገባቸው የሚስቱ አሉ።

የደረጃ 2 መልሶች

1) 19/12
2) 3/2
3) −9 እና 9። የመጀመሪያው ላይ ስኩዌሩ የያዘው 3ን ብቻ ነው፤ ማይነሱ ውጭ ነው።
4) ሀ − 1። ሀ − 11 ካላችሁ ሁለተኛው ቅንፍ ውስጥ ያለው −5 ወደ +5 አልተቀየረም።
5) (ሀ − 2)(ሀ − 3)
6) 2 እና −1/2
7) 4። መጀመሪያ ኪዩብ ሩቱን አውጡ (2)፣ ከዚያ ስኩዌር። 8ን ቀድሞ ስኩዌር ማድረግም ይሠራል፤ ግን 64 ላይ ያደርሳችኋል።
8) 3√2። √42 ያላችሁ ከላይ ወዳለው የስህተት ዝርዝር ተመለሱ።
9) 5
10) ሀ > −3
11) 1/2
12) 3

ከ4 በላይ የሳታችሁ ከሆነ ዕጣውን ለጊዜው ተዉት፤ የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ ይዛችሁ ሁለት ሳምንት በተርታ ሥሩ፤ ከዚያ ወደ ደረጃ 5 ግቡ።